አባታችን ለታናሽ ወንድማችን ብቻ የተናዘዙት ቤት፦ ኑዛዜው ይጸናል ወይ?

የጉለሌዋ
ጥቅምት 4 ቀን፣ ከምሽቱ 2፡10

ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጉዳዬ ረዘም ስለሚል በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ።

አባታችን ባለፈው ዓመት ግንቦት ወር ላይ አርፈዋል። እናታችን በሕይወት አሉ፤ 78 ዓመታቸው ነው። የአባታችን ልጆች አራት ነን። ከእናታችን የተወለድነው ሦስት ስንሆን ትልቋ እኔ ነኝ፤ ከእኔ ቀጥሎ አሜሪካ የምትኖር እህቴ፣ ከዚያም ከወላጆቻችን ጋር በአንድ ግቢ የኖረው ታናሽ ወንድማችን አለ። አራተኛው አባታችን ከጋብቻቸው በፊት የወለዱት፣ ደብረ ብርሃን የሚኖር ታላቅ ወንድማችን ነው። ወላጆቻችን የተጋቡት በ1968 ዓ.ም. ሲሆን ጉለሌ የሚገኘውን ቤት የሠሩት በ1971 ዓ.ም. ነው፤ ካርታው ግን በአባታችን ስም ብቻ ነው የወጣው።

መስከረም ላይ የቤትና የቦታ ግብር ልከፍል ወረዳ ስሄድ፣ መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ ፋይሉን ገልጣ «ይህ ቤት እኮ ስሙ እንዲዛወር ጥያቄ ቀርቦበታል» አለችኝ። ወንድሜን ስጠይቀው አልካደም። በ2012 ዓ.ም. የተደረገ፣ በኮምፒውተር የተጻፈ ባለ ሁለት ገጽ ኑዛዜና ከፍርድ ቤት ያወጣውን የኑዛዜ ወራሽነት ማረጋገጫ አሳየኝ። ኑዛዜው «ጉለሌ የሚገኘውን ቤቴን በሙሉ ለጦረኝ ለታናሹ ልጄ ሰጥቻለሁ» ይላል። የሌሎቻችን ስም አልተነሣም፤ ስለ እናታችንም አንድ ቃል የለም። ከሥር አራት ምስክሮች ፈርመውበታል፤ አንደኛው የአባታችን የነፍስ አባት ናቸው።

እህቴ ዛሬውኑ ክስ ይመሥረት ትላለች። የሰፈር ሽማግሌዎች ደግሞ ሙት ወቃሽ አትሁኑ ይሉናል። እኔ የምፈልገው ከመወሰኔ በፊት ሕጉ ምን እንደሚል መረዳት ነው።

ታዛቢ
ጥቅምት 4 ቀን፣ ከምሽቱ 2፡45

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አባትሽ ስማችሁን ሳይጠሩ ካለፉ ከውርስ ነቅለዋችኋል ማለት ነው። የሟች ቃል ይከበራል፤ ፍርድ ቤት መመላለሱ ትርፉ ድካምና የጠበቃ ገንዘብ ስለሆነ ብትተዉት ይሻላል።

ጠበቃ ከልደታ
ጥቅምት 4 ቀን፣ ከምሽቱ 4፡20

«ታዛቢ» በቅን ልቦና እንደጻፉ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን የሰጡት ምክር ከሕጉ ጋር ስለሚጋጭ ማረም ግድ ይለኛል። እስካሁን የምንሠራበት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንድ ሰው ተወላጁን ከውርስ ለመንቀል ሲፈልግ በኑዛዜው ውስጥ በግልጽ እንዲናገርና ያነሣሣውን ምክንያት እንዲያሰፍር በቁጥር 938 ያስገድደዋል፤ የተጻፈው ምክንያት ለመንቀል የሚያበቃ መሆን አለመሆኑንም ፍርድ ቤት ይመዝናል። በቁጥር 939 ደግሞ ስለ ተወላጆች ዝም ማለት እንደ መንቀል እንደማይቆጠር ተጽፏል። ስለዚህ እርስዎም፣ እህትዎም፣ የደብረ ብርሃኑ ወንድማችሁም አልተነቀላችሁም። ከጋብቻ በፊት መወለዱ የታላቅ ወንድማችሁን መብት በምንም አይቀንሰውም፤ ሕጉ ልጅን ከልጅ አይለይም።

ከኑዛዜው መጽናት በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን አባትዎ የተናዘዙት የማንን ንብረት ነው የሚለው ነው። በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ንብረት፣ ካርታው በአንደኛው ስም ብቻ ቢወጣም፣ የአንዱ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ይላል። በ1968 ተጋብተው በ1971 ከሠሩት፣ የቤቱ ግማሽ የእናትዎ ነው። እናትዎ ይህን ግማሽ የሚወስዱት በወራሽነት እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። በእኛ ሕግ ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም፤ እናትዎ የሚያነሡት ድሮም የራሳቸው የነበረውን ነው። አባትዎ «ቤቴን በሙሉ» ሲሉ የማይመለከታቸውን ግማሽ ጨምረው ሰጥተዋልና፣ ኑዛዜው በሌላው ረገድ አንዳች እንከን ባይኖርበት እንኳ ለታናሽ ወንድምዎ የሚደርሰው ከቤቱ ግማሹ ብቻ ነው። ኑዛዜው ከፈረሰ ደግሞ ያ ግማሽ ለአራታችሁ እኩል ይከፈላል፤ ከጠቅላላው ቤት ለእያንዳንዳችሁ አንድ ስምንተኛ ይደርሳል ማለት ነው።

አሁን ወደ ኑዛዜው ልምጣ። ሕጉ የሚያውቃቸው የኑዛዜ ዓይነቶች ሦስት ናቸው፤ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግና በቃል የሚደረግ። የአባትዎ ምስክሮች ስላሉበት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተብሎ የሚመዘን ይመስለኛል። ቁጥር 881 ተናዛዡ ራሱ ወይም እሱ በቃል እያስጻፈ ሌላ ሰው ሊጽፈው እንደሚችል ይፈቅዳል። በኮምፒውተር መጻፉ በዚህ ዓይነቱ ላይ ችግር አይሆንም። ነገር ግን ጽሑፉ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና የተነበበበት ቀንም በኑዛዜው ውስጥ መጠቀስ አለበት፤ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ መፈረም ወይም የጣት ምልክታቸውን ማድረግ አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ኑዛዜው ፈራሽ ነው። «ተነቧል» የምትለዋን ቃል ብዙ ሰው እንደ ማሳመሪያ ይቆጥራታል፤ ስንት ቤት በእሷ መጉደል እንደታጣ ችሎት የዋለ ያውቃል።

እባክዎ የመጨረሻውን ገጽ ቃል በቃል ይጻፉልን።

የጉለሌዋ
ጥቅምት 5 ቀን፣ ከጠዋቱ 1፡30

እጅግ አመሰግናለሁ፤ የመጨረሻው አንቀጽ በስልኬ ካነሣሁት ፎቶ ላይ እንዲህ ይነበባል፦ «ይህን ኑዛዜ በሙሉ ፈቃዴና በጥሩ አእምሮ የተናዘዝኩ መሆኔን በተለመደው ፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ስናዘዝ የነበሩ እማኞች ስምና ፊርማ ከዚህ በታች ተመልክቷል።» ስለ መነበቡ የሚናገር ነገር የለም። ቀኑ ከላይ፣ ከርዕሱ አጠገብ ተጽፏል።

ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። የአባቴና የሦስቱ ምስክሮች ፊርማ በሰማያዊ ቀለም ሲሆን የአራተኛው ብቻ ጥቁር ነው። አራተኛው ምስክር መንገድ ዳር ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን ናቸው። ትርጉም ይኑረው አይኑረው አላውቅም።

አጣሪ የነበርኩ
ጥቅምት 5 ቀን፣ ከቀኑ 6፡00

ለብዙ ዓመታት ፍርድ ቤት እየሾመኝ በውርስ አጣሪነት ሠርቻለሁና ከጠረጴዛው ወዲህ ያየሁትን ልጨምር። ውርስ አጣሪ አራት ነገር ይሠራል፤ ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ ይለያል፣ የውርሱ ንብረት ምን ምን እንደሆነ ይመዘግባል፣ የሟችን ገንዘብ ሰብስቦ የደረሰ ዕዳውን ይከፍላል፣ በኑዛዜ የተሰጠውን ያስረክባል። ከዚያ ሪፖርቱን ለችሎት ያቀርባል፤ ሪፖርቱ ሲጸድቅ ክፍፍሉ ይቀጥላል። የእናንተ ጉዳይ ይህን ሁሉ ዘልሎ ከኑዛዜ በቀጥታ ወደ ስም ማዛወር መሄዱ ነው ሥራውን ያበላሸው። የእናታችሁ ግማሽ ሳይለይ ስሙ ቢዛወር ኖሮ፣ ነገ እሳቸው ሲያርፉ በአንድ ቤት ላይ ሁለት የውርስ ክርክር ትወርሱ ነበር።

አንድ ጊዜ ኮልፌ አካባቢ ባለ ግቢ የሟችን ሳጥን እንድከፍት ተመድቤ ሄድኩ። ወራሾቹ አምስት ነበሩ፤ አንዳቸውም ቁልፉ በሌላው እጅ እንዲሆን ስላልፈቀዱ ሳጥኑ በእድሩ ዳኛ ቤት ነበር የተቀመጠው። ስከፍተው ከላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርታ፣ ከሥሩ በክር የታሰረ የግብር ደረሰኝ፣ ከዚያ አንድ የተማሪ ደብተር አገኘሁ። ሟች በገዛ እጃቸው፣ በሚያምር የቄስ ትምህርት ቤት አጣጣል፣ ስድስት ገጽ ኑዛዜ ጽፈዋል። ቀንና ፊርማ ያለው ግን ስድስተኛው ገጽ ላይ ብቻ ነው። በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ በቁጥር 884 መሠረት ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገርና እያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ሊኖረው ይገባል። ከዚህም ሌላ ከተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ በአዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል፤ የሳቸው ደብተር ሳጥን ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ተኝቷል። የእጅ ጽሑፉን ሁሉም ልጆች «የአባታችን ነው» ብለው አምነው ነበር፤ ሪፖርቴ ላይ ግን ኑዛዜው ዋጋ እንደሌለው ከመጻፍ በቀር ምርጫ አልነበረኝም።

በዚያ ቤት ትልቁ ጭቅጭቅ ቤቱ ላይ አልነበረም። ሁለቱ እህትማማቾች የተለያዩት በአባታቸው ካባ ላይ ነው።

ስለ ወጪም አንድ ቃል፦ ከውርሱ ገንዘብ በቅድሚያ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው፤ ቀጥሎ የማጣሪያው ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ ይከተላል። ለአርባውና ለተዝካሩ ያወጣችሁትን ግን የቀብር ወጪ ብላችሁ ብታቀርቡ አጣሪው አይቀበላችሁም። በየቤቱ የሚያስቀይመው ነገር ይህ ስለሆነ አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል።

ጧሪው
ጥቅምት 5 ቀን፣ ከምሽቱ 1፡15

እዚህ የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። ሁሉም ሰው የሚናገረው ከእህትየው ወገን ሆኖ ስለሆነ ከታናሽ ወንድሙ ወገን የሚናገር አንድ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው። እኔ በእናንተ ታሪክ ውስጥ ያ ታናሽ ወንድም ነኝ።

እናቴን ዘጠኝ ዓመት ጦሬያለሁ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ከአልጋ አልተነሡም፤ እኔ ሌሊት ሌሊት እያገላበጥኳቸው፣ ቀን ደግሞ ሠራተኛ እየከፈልኩ፣ የቤቱን ጣሪያ ራሴ አስቀይሬ ኖሬያለሁ። ወንድሞቼ በዓመት በዓል ዳቦ ይዘው ይመጡ ነበር። እናቴ አንድ ቀን ጎረቤቶቹን አስጠርተው «ይህ ቤት የእሱ ነው» አሉ፤ ሰባት ሰው ሰምቷል። እኔም የሰባት ሰው ምስክርነት ይበቃኛል ብዬ ተኛሁ። ካረፉ በኋላ ጉዳዩ ችሎት ሲቀርብ ዳኛው የጠየቁኝ «ጽሑፉ የት አለ?» ብለው ነው። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ሞቱ እንደቀረበ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው፤ በእሱ ማድረግ የሚቻለውም ስለ ቀብር ሥርዓት ማዘዝ፣ አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆች ሞግዚት መሰየምና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር የማይበልጡ ስጦታዎች መስጠት ብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ምን ያህል እንደነበር አላውቅም፤ እኔ የሰማሁት ቀን የአንድ ኩንታል ጤፍ ሲሶ እንኳ አይገዛም ነበር። እናቴ ከተናገሩ በኋላም ከሦስት ወር በላይ ስለኖሩ ያም ቀርቷል።

ቤቱ በሐራጅ ተሸጠ። የማስታወቂያው ወረቀት በገዛ በሬ ላይ ተለጥፎ ያደረበትን ሌሊት አልረሳውም። ድርሻዬን ወሰድኩ፤ በዚያ ገንዘብ ግን በዚያ ሰፈር አንድ ክፍል አይገኝም።

ስለዚህ፣ የተከበሩ እህቴ፣ «ተነቧል» የሚል ቃል ባለመጻፉ ብቻ ኑዛዜውን ማስፈረስ እንደሚችሉ አምናለሁ፤ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። አባትዎ «ለጦረኝ» ሲሉ የጻፉትን ግን አባትዎ እንዳልጻፉት አድርገው አይቁጠሩት።

ጠበቃ ከልደታ
ጥቅምት 5 ቀን፣ ከምሽቱ 3፡50

«ጧሪው» የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ሕጉ የመሰከርነውን ሁሉ የሚያፈርሰው ከጭካኔ አይደለም፤ ሟች ቆሞ «አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት» ሊል ስለማይችል በሳቸው ቦታ የሚናገረው ሥርዓቱ ብቻ ነው። የእርስዎ እናት ታክሲ ይዘው ውልና ማስረጃ ቢሄዱ ወይም ሹሙ ቤታቸው እንዲመጣ ቢደረግ ኖሮ ሁለት ምስክር ብቻ ይበቃቸው ነበር፤ ቁጥር 882 አንዱ ምስክር ዳኛ ወይም አዋዋይ ሆኖ በሥራው ላይ ሳለ ከሆነ አራቱን ወደ ሁለት ዝቅ ያደርገዋል። ለጣሪያውም ያወጡትን ደረሰኝ ይዘው ከውርሱ ላይ መጠየቅ ይችሉ ነበር፤ ድርሻ ከመከፈሉ በፊት የሚታይ የገንዘብ ጥያቄ ነው። ያኔ የነገረዎት ሰው ካልነበረ አዝናለሁ።

ወደ ጉለሌዋ ልመለስ። ባቀረቡት ጽሑፍ መሠረት የመነበቡ ነገር አለመጠቀሱ ብቻውን ከባድ ጉድለት ነው፤ ፍርድ ቤቶች ይህን ፎርም ጥብቅ አድርገው ነው የሚያዩት። ጥቁሩ ቀለም ደግሞ በራሱ ምንም አያስረዳም፤ ሰው ብዕር ሊዋዋስ ይችላል። ይሁን እንጂ ምስክሩ የፈረሙት ከሌሎቹ ጋር በአንድ ጊዜ እንዳልሆነ ከታወቀ «ወዲያውኑ» የሚለው መሥፈርት ይናጋል። ሰውየውን ራስዎ ሄደው አያዋክቧቸው፤ ችሎት ላይ በመሐላ ቢጠየቁ ይሻላል።

የሥነ ሥርዓቱ ነገር ጊዜ አይሰጥም። ወንድምዎ የያዙት ማረጋገጫ የተሰጠው እናንተ ሳትጠሩ ስለሆነ፣ ተካፋይ ባልነበራችሁበት ክርክር የተሰጠው ውሳኔ መብታችሁን እንደሚነካ ገልጻችሁ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 358 የመቃወም አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ። ይህ አቤቱታ የሚቀርበው ውሳኔው ከመፈጸሙ በፊት ነው፤ ስሙ ከተዛወረ በኋላ መንገዱ ይረዝማል። ከአቤቱታው ጋር ስመ ሀብቱ እንዳይዛወር፣ ቤቱም እንዳይሸጥ ዕግድ ጠይቁና ትእዛዙ ለክፍለ ከተማው ይዞታ ጽሕፈት ቤት መድረሱን ራሳችሁ ተከታተሉ፤ ወረቀቱ መዝገብ ቤት ተኝቶ ስሙ ሲዛወር በዓይኔ አይቻለሁ። ኑዛዜ ሲከፈት የነበረ ሰው የተቃውሞ ጊዜው የሚቆጠረው በቀናት እንጂ በዓመታት አይደለም፤ እናንተ መቼና እንዴት እንዳወቃችሁ የሚያሳይ ማስረጃ ከአሁኑ ያዙ። የወራሽነት ጥያቄን የሚመለከተው የቁጥር 1000 የሦስት ዓመትና የአሥራ አምስት ዓመት ገደብ አለ ብሎ መዘናጋት ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው።

ከሜሪላንድ
ጥቅምት 6 ቀን፣ ከሌሊቱ 9፡30

አሜሪካ ስላለችው እህት አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔም በዚሁ አልፌያለሁና። ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ በስልክ ስጨቃጨቅ አንድ ሙሉ ዓመት አባክኛለሁ፤ ችሎት ፊት ግን ስልክ አይቀርብም። ውክልናዋን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዳ ታሰጥ፤ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥና ውልና ማስረጃ ይመዝገብ። እኔ የመጀመሪያውን ውክልና «ጉዳዬን ሁሉ እንዲያስፈጽምልኝ» ብዬ በጅምላ ጻፍኩት። ወኪሌ በሽምግልና ሊታረቅ ሲል ተቃራኒው ወገን «የመታረቅ ሥልጣን የለህም» አለውና ቀጠሮው ፈረሰ። ለመክሰስ፣ ለመከራከር፣ ለመታረቅና ለመሸጥ እያንዳንዱ በስሙ ተጽፎ መሰጠት አለበት።

ዜግነት ቀይራ ከሆነም አትደንግጥ። በ1994 ዓ.ም. በወጣው የትውልደ ኢትዮጵያውያን አዋጅ መሠረት ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያለው ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው በውጭ ዜጋ ላይ የተጣለው ክልከላ አይመለከተውም። ካርዱን ግን ከክርክሩ በፊት ታውጣ።

ከመርካቶ
ጥቅምት 6 ቀን፣ ከጠዋቱ 4፡00

አሰላሙ ዓለይኩም። የጉለሌዋ ቤተሰብ ጉዳይ በፍትሐ ብሔር ሕግ የሚታይ ይመስላል፤ ይህን የሚያነብ ሙስሊም ወንድም ወይም እህት ግን ሁሉንም ወደ ራሱ ጉዳይ እንዳይገለብጠው። ሕገ መንግሥቱ ተከራካሪዎች ሲፈቅዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ውርስን፣ ኑዛዜን፣ ሂባን (ስጦታን) እና ወቅፍን (ለሃይማኖትና ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ንብረትን) ያያሉ። በዚያ ሚዛን ኑዛዜ ከንብረቱ ሲሶ ማለፍ አይችልም፤ ወራሽ ለሆነ ልጅ መናዘዝም ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ አይጸናም። ባል ወይም ሚስትም ከዚያኛው ሕግ በተለየ የታወቀ ድርሻ አላቸው። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ግማሹ ሸሪዓ፣ ግማሹ መደበኛ ፍርድ ቤት ከሄደ ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ አንዱ ወገን ካልፈቀደ ሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አይዝም።

ጡረተኛው
ጥቅምት 6 ቀን፣ ከቀኑ 8፡20

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ብዙ አልወጣም። እኔና ባለቤቴ ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ተናዝዘናል፤ «ማናችንም ብንቀድም ንብረቱ ለቀሪው፣ ከዚያ ለልጆቻችን» ብለን አራት ምስክር አስፈርመናል፤ መነበቡንም ጽፈናል። ይህን ሁሉ ሳነብ ልቤ ፈራ።

ጠበቃ ከልደታ
ጥቅምት 6 ቀን፣ ከቀኑ 9፡05

ጋሼ፣ ልብዎ የፈራው በከንቱ አይደለም። ቁጥር 858 ብዙ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ የሚያደርጉትን ኑዛዜ ዋጋ የለውም ይላል፤ ባልና ሚስት መሆን ልዩነት አያመጣም። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። እርስዎ በራስዎ ወረቀት፣ ባለቤትዎም በራሳቸው ወረቀት፣ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ እንደገና ተናዘዙ። ሁለታችሁም በሕይወት ስላላችሁ የሚጠፋው አንድ ረፋድ ብቻ ነው።

አጣሪ የነበርኩ
ጥቅምት 6 ቀን፣ ከምሽቱ 1፡40

ሽምግልናን በሚመለከት ለጉለሌዋ፦ «ሙት ወቃሽ አትሁኑ» የሚሉትን ሽማግሌዎች አይጥሏቸው፤ ሥራ ይስጧቸው። ክሱ ተመሥርቶ፣ ዕግዱ ተሰጥቶ ሳለም መታረቅ ይቻላል፤ የደረሳችሁበት ስምምነት በጽሑፍ ለችሎት ቀርቦ ከጸደቀ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። እኔ ካየኋቸው ጥሩ ስምምነቶች አንዱ ጧሪው ልጅ በቤቱ እንዲቀመጥ፣ የሌሎቹን ድርሻ በግምት ዋጋ በሁለት ዓመት ከፍሎ እንዲያጠቃልል የተደረገው ነው። ዋጋውን የገመተው በሁለቱም ወገን የታመነ መሐንዲስ ነበር፤ ያ ባይሆን ስምምነቱ በማግስቱ ይፈርስ ነበር። የእናታችሁን የመኖሪያ መብት በስምምነቱ ውስጥ በስም ጻፉት።

የጉለሌዋ
ጥቅምት 13 ቀን፣ ከምሽቱ 2፡30

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

የፍርድ ቤቱን መዝገብ ግልባጭ አወጣሁ። ወንድሜ ማመልከቻው ላይ «ሌላ ወራሽ የለም» ብሎ አልጻፈም፤ «ሌሎች ልጆች ቢኖሩም ኑዛዜው ለእኔ ነው» ብሏል። ይህን ሳነብ ንዴቴ ትንሽ በረደ። የመቃወም አቤቱታውና የዕግዱ ጥያቄ ማክሰኞ ቀርቧል፤ ዕግዱ ሐሙስ ተሰጠ፤ ትእዛዙን ራሴ ይዤ ክፍለ ከተማ አድርሼ የደረሰኝ ማኅተም አስመትቻለሁ። የእህቴ ውክልና በመንገድ ላይ ነው፤ «ለመታረቅ» የሚለው ቃል ተጽፎበታል። ታላቅ ወንድማችን ከደብረ ብርሃን መጥቶ ሁለት ቀን አድሯል፤ አባታችን ከሞቱ ወዲህ በዚያ ቤት ሲያድር የመጀመሪያው ነው።

እናታችንን እስካሁን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና እያፈሉ ሳለ፣ ታናሽ ወንድሜ ባለበት ነገርኳቸው። ረከቦቱን እያስተካከሉ ዝም ብለው ሰሙና «እኔ ሳልሞት ቤቴን ማን ነው የሚያወርሰው?» አሉ። ወንድሜ አቀርቅሮ ቀረ። እሳቸው ግን ወዲያው ወደ እሱ ዞረው «አንተም ውጣ አላልኩህም፤ ስኒውን አቀብለኝ» አሉት።

ወንድሜ በሽማግሌ ለመነጋገር ፈቅዷል፤ ያደረጋቸውን የቤት እድሳት ደረሰኞች እንዲሰበስብ እኔው ነግሬዋለሁ። ቀጠሮአችን ኅዳር 9 ቀን ነው። ለ«ጠበቃ ከልደታ» አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፦ እናታችን ችሎት መምጣት ስለማይችሉ የግማሹን ባለቤትነት ለማስረዳት የጋብቻ ወረቀታቸው ይበቃል ወይ? ወረቀቱ የተቀደደ ሲሆን ቀኑ ግን ይነበባል።

ጠበቃ ከልደታ
ጥቅምት 13 ቀን፣ ከምሽቱ 3፡15

ቀኑ ከተነበበ ይበቃል። ዋናውን ወረቀት በላስቲክ አድርገው ያስቀምጡና ፎቶ ኮፒውን ከመዝገቡ ጋር ያያይዙ፤ ዋናውን በቀጠሮው ቀን ለማመሳከሪያ ብቻ ያሳዩ እንጂ መዝገብ ቤት አይተዉት። የ1971ዱን የቤት ሥራ ፈቃድ ወይም የዚያን ዘመን የግብር ደረሰኝ ካገኙ አብሮ ቢቀርብ መልካም ነው። እናትዎ ለዚህ ጉዳይ ለእርስዎ ወይም ለሌላ ሰው ውክልና ይስጡ፤ መሄድ ካልቻሉ የውልና ማስረጃ ሹም ቤታቸው ድረስ እንዲመጣ ማመልከቻ ማስገባት ይቻላል። ውክልናውን ለእርስዎ ብቻ ከሚሰጡ ግን ለእርስዎና ለታናሽ ወንድምዎ በጋራ ቢሰጡ፣ ለሽምግልናው የሚያመች ይመስለኛል።